ከጦር ሰፈር ወደ መንደር፤ ስለ ተሰናባች ወታደሮችና ስለ ቤተ ሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር

(ለከተማው ነዋሪዎች፣ ለዕድር ዳኞች፣ እንዲሁም ለወረዳና ለቀበሌ ሠራተኞች በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የተሰማ)




ስለ ጦር ሜዳ ጀግንነት ሌሎች ብዙ ተናግረዋል፤ ወደ ፊትም ይናገራሉ። የእኔ ንግግር ጦርነቱ ካለቀ፣ መለዮው ከወለቀና መሣሪያው ወደ ግምጃ ቤት ከተመለሰ በኋላ ስለሚመጣው ሥራ ነው። ይህ ሥራ ነጋሪት አይጎሰምለትም፤ ሽልማትም አይታደልበትም። ነገር ግን ከጦር ሠራዊት የተሰናበተው ሰው ከነቤተ ሰቡ እንደ ማንኛውም ዜጋ ሠርቶ መኖር ቻለ ወይስ አልቻለም የሚለው ጥያቄ ከከተማችን ሰላም ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ጊዜ ሰጥታችሁ እንድታዳምጡኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

አንድ ወታደር ሲሰናበት በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው የእርሱ ስም ብቻ ነው። የስንብት ወረቀቱ የሚሰጠው ለእርሱ ነው፤ የመቋቋሚያው ገንዘብም የሚከፈለው በእርሱ ስም ነው። በእውነቱ ግን ወታደር ብቻውን አይሰናበትም፤ ቤቱ ሁሉ አብሮ ይሰናበታል። ሚስቱ በጦር ሰፈሩ አጠገብ ያበጀችው ጎጆና የለመደችው ጉርብትና በአንድ ቀን ይቀራል። ልጆቹ ከትምህርት ቤታቸውና ከባልንጀሮቻቸው ይለያሉ። ከደመወዙ እየተቈረጠ ይላክላቸው የነበሩት አሮጊት እናቱና ሽማግሌ አባቱ የወር ተስፋቸው ይቋረጣል። እንግዲህ እኛ አንድ ሰው ተቀበልን ብለን ስናስብ፣ በበራችን ላይ የቆሙት አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ናቸው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህች ነጥብ ላይ የቆመ ነው፤ መዝገባችንንና በራችንን ለወታደሩ ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሁሉ እንክፈት።

ይህ ጉዳይ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ወታደር የሚኖረው በማደሪያ መሬት ነበር፤ ላረጀና ለደከመ ሰውም መጦሪያ የሚባል መሬት ይሰጥ ነበር። ጠላት ከወጣ በኋላ፣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ዓመታት፣ ለአርበኞችና ለስደተኞች፣ ቀጥሎም ለወታደሮችና ለመንግሥት ሠራተኞች ጋሻ ጋሻ መሬት እንዲሰጥ ታዘዘ። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ መጦሪያን በወርኃዊ ገንዘብና በሕግ ላይ አቆመው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ከታወጀ ወዲህ መሬትን ለውለታ መስጠት ፈጽሞ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለተሰናባች ወታደር የቀሩት መደገፊያዎች የጡረታ ደብተሩ፣ የእጁ ሙያና የሚቀበለው ሕዝብ ናቸው።

የሚቀበለው ሕዝብ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በ1983 ዓ.ም. በዓይናችን አየን። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር የደርግ መንግሥት ሲወድቅ የቀድሞው ጦር ሠራዊት በአንድ ጊዜ ተበተነ። መለዮውን እንደ ለበሰ በእግሩ ወደ አገሩ የሚጓዘው፣ በመንገድ ዳር ቁራሽ እንጀራ የሚለምነው፣ ድንበር ተሻግሮ የሚሰደደው ብዙ ነበር። የሽግግሩ መንግሥት የቀድሞ ጦር ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን አቆመ፤ ኮሚሽኑም ከ450,000 በላይ ሰዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ሸክም ተቀበለ። ወደ ገጠር ለተመለሱት የወራት ቀለብ፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ፣ ለአንዳንዶቹም የእርሻ በሬ ተሰጠ። ወደ ከተማ ለተመለሱት ግን ሥራ ማግኘት፣ ሙያ መማርና ብድር ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ።

ጉዳዩን በኋላ የመረመሩ ሰዎች አንድ ነገር አስተውለዋል። ወደ ገጠር የተመለሰው ወታደር ከከተማው ወታደር ፈጥኖ ተቋቋመ። ለዚህም ምክንያቱ የተሰጠው ቀለብ ብዛት አልነበረም። በገጠር ዘመድ ነበረው፤ የሚታረስ መሬት ነበረው፤ በደቦ የሚረዳው ጎረቤትና ሲጣላ የሚያስታርቀው ሽማግሌም ነበረው። በከተማ ግን ቤት በኪራይ ነው፤ እንጀራ በገንዘብ ነው፤ ሥራም የሚገኘው በሚያውቁት ሰው ነው። የጦር ሰፈር ኑሮ ደግሞ ሰውን ከከተማ ትውውቅ ለይቶ የሚያኖር ስለ ሆነ፣ ተሰናባቹ ወደ ከተማ ሲገባ ዋስ የሚሆነው እንኳ አያገኝም። እኛም ከተሜዎች ነንና ይህ ትምህርት በተለይ እኛን ይመለከታል።

ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም ወደ 150,000 የሚጠጋ ወታደር ተሰናብቷል። በቅርቡ ደግሞ በሰሜን የነበረውን ጦርነት ለማቆም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ በልዩ ልዩ ክልሎች የሚገኙ ከ370,000 በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ዕቅድ አወጣ፤ የመጀመሪያውም ዙር በኅዳር 2017 ዓ.ም. በመቀሌ ተጀመረ። ስለዚህ የምንናገረው ስላለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሦስት ጊዜ የገጠመን ነገር እንግዳ ደርሶ ነው ሊባል አይችልም፤ ሊዘጋጁለት የሚገባ የከተማ አስተዳደር ሥራ ነው።

በኡጋንዳ የተደረገውም ትምህርት ይሰጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1992 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ከ36,000 በላይ ወታደሮች በተሰናበቱ ጊዜ፣ የኡጋንዳ መንግሥት ርዳታውን ያሰላው ወታደሩን ብቻ ቈጥሮ አልነበረም፤ ሚስቶችና ልጆችም በቍጥሩ ውስጥ ገቡ። ቤተ ሰቡ ወደ ትውልድ ቦታው በመኪና ተጓጓዘ፤ የቤት ክዳን ቆርቆሮና ዘር ተሰጠው፤ ለልጆቹም የትምህርት ቤት ክፍያ ታሰበላቸው። በየአውራጃውም ጉዳያቸውን የሚከታተል ጽሕፈት ቤት ተከፈተ። ያም ሆኖ ባልዋ ከሩቅ አገር አግብቶ ያመጣት ሚስት ቋንቋዋና ልማዷ የተለየ በመሆኑ በባልዋ ዘመዶች ዘንድ ሳትወደድ የቀረችበት ጊዜ ነበር። ቆርቆሮ በገንዘብ ይገዛል፤ ጉርብትናን ግን መንግሥት ከግምጃ ቤት አውጥቶ ሊያድል አይችልም። እርሱ የእናንተና የእኔ ድርሻ ነው።

እንግዲህ በከተማችን አንድ ተሰናባች ቤተ ሰብ የሚሰናከልባቸውን ደፎች አንድ በአንድ ላመልክት።

አንደኛው ደፍ ወረቀት ነው። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ አምጣ ይባላል፤ በጦር ሰፈር ዐሥራ አምስት ዓመት የኖረ ሰው ግን ቀበሌው የጦር ክፍሉ ነበር። መታወቂያ ከሌለ ቤት መከራየት፣ በባንክ ሒሳብ መክፈትና ልጅን ማስመዝገብ ሁሉ ይጠብቃል። ስለዚህ የቀበሌ ጸሐፊዎች የጦር ክፍሉን የስንብት ደብዳቤ እንደ መሸኛ አድርገው እንዲቀበሉ፣ የጐደለ ነገር ካለም ባለጉዳዩን ሳያመላልሱ በደብዳቤ ራሳቸው እንዲጠይቁ ዐደራ እላለሁ። «ነገ ተመለስ» የምትለው ቃል ለጸሐፊው ሁለት ቃል ናት፤ ለቤተ ሰቡ ግን ያለ ቀለብ የሚያልፍ አንድ ቀን ናት።

በዚሁ በወረቀት ነገር ላይ ይልቁንም የሚያሳዝነው የሟች ወታደር ሚስት ጉዳይ ነው። ዛሬ የሚሠራበት በ2014 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267 ለሟች የትዳር ጓደኛ፣ ላልደረሱ ልጆችና ሟቹ ይጦራቸው ለነበሩ ወላጆች መብት ይሰጣል። ነገር ግን መብቱ በማስረጃ ነው የሚገኘው። ብዙዎቹ የወታደር ሚስቶች የተጋቡት በሽማግሌ ፊት ወይም በሃይማኖት ሥርዓት ስለ ሆነ በእጃቸው የጋብቻ ምስክር ወረቀት የለም። የቤተ ሰብ ሕጋችን ግን በክብር መዝገብ ሹም፣ በሃይማኖትና በባህል ሥርዓት የተፈጸመውን ጋብቻ ሁሉ ያውቃል፤ ወረቀት ቢታጣም ባልና ሚስት ሆነው መኖራቸውን የሚያስረዱ ምስክሮች በፍርድ ቤት ይሰማሉ። እንግዲህ በሠርጉ ላይ የበላችሁና የመረቃችሁ ሽማግሌዎች ሆይ፣ ምስክርነታችሁ ለአንዲት እናት የወር እንጀራ መሆኑን ዐውቃችሁ በቀጠሮው ቀን አትቅሩ። የጡረታ ጥያቄ የሚቀርብበትም ጊዜ በሕግ የተወሰነ ስለ ሆነ ኀዘኑ እስኪወጣ ተብሎ ለዓመታት እንዳይቆይ አስታውሱ።

ሁለተኛው ደፍ ትምህርት ቤት ነው። በየክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአካባቢው ቋንቋ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። አባቱ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን፣ ከሰሜንም ወደ ደቡብ ሲዛወር አብሮ የዞረ ልጅ ሦስት ቋንቋ ጀምሮ አንዱንም በጽሑፍ ሳይጨርስ ወደ እኛ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ልጅ መምህሩ ሰነፍ ነው ብሎ ከኋላ ወንበር ቢያስቀምጠው ስሕተት ነው። ከሁለት ሰዓት ትምህርት በኋላ በቋንቋው የሚረዳው አንድ ጎበዝ ተማሪ ቢመደብለት፣ ማስረጃው ከቀድሞው ትምህርት ቤት እስኪመጣም በፈተና ተመዝኖ በሚገባው ክፍል ቢቀመጥ፣ ዓመቱ በከንቱ አያልፍበትም።

ሦስተኛው ደፍ ሥራ ነው። ወታደር ሙያ የለውም የሚሉ ሰዎች አሉ። የጦር ሠራዊት ግን ሾፌር፣ መካኒክ፣ ግንበኛ፣ ወጥ ሠሪ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ ቍስለኛ የሚያክም፣ ንብረት የሚጠብቅና መዝገብ የሚይዝ ሰው ያለበት ትልቅ ቤት ነው። የጐደለው ሙያው አይደለም፤ ሙያውን በሲቪል መሥሪያ ቤት የሚያስረዳው ወረቀት ነው። ለዚህም መንገድ አለ፤ በሥራ ላይ የተገኘ ሙያ በብቃት ምዘና ተፈትኖ ምስክር ወረቀት ሊያገኝ ይችላል። የወረዳው የሥራ ጽሕፈት ቤት ተሰናባቹን ወደ ምዘናው ቢመራው፣ የጋራዥና የሕንፃ ሥራ ባለቤቶችም ለሁለት ወይም ለሦስት ወር በሙከራ ቢቀጥሩት፣ ከዚያ በኋላ የሚመሰክርለት የራሱ እጅ ነው። በሰዓቱ መገኘትንና ትእዛዝን መፈጸምን ያህል ከጦር ሰፈር ይዞት የሚመጣ ሀብት የለምና ቀጣሪው የሚጐዳ አይመስለኝም።

ገንዘቡን በሚመለከት ለተሰናባቾቹ ራሳቸው አንድ ምክር አለኝ። በአንድ ጊዜ የተሰጠ የመቋቋሚያ ገንዘብ ብዙ ይመስላል፤ ዘመድ ይበዛል፤ ብድር ጠያቂ ይመጣል፤ ግብዣም ይደገሳል። በስድስተኛው ወር ግን ደመወዝ የለም። ስለዚህ ባልና ሚስት ተቀምጠው በአንድነት ይወስኑ፤ ገንዘቡም በሁለቱ ዕውቀት በባንክ ይቀመጥ። ባል በግዳጅ ላይ በነበረበት ዘመን ጨው፣ በርበሬና የቤት ኪራይ በየወሩ ምን ያህል እንደሚፈጅ ስትቈጥር የኖረችው ሚስት ናትና የቤቱን ሒሳብ ከእርስዋ ይልቅ የሚያውቅ የለም። በተመለሰ ማግስት ቤቱን እንደ ጓድ በትእዛዝ ላስተዳድር የሚል ባል ጠብ ያተርፋል። ሽማግሌዎች ይህን ነገር ጠቡ ከመነሣቱ በፊት በፍቅር ቢመክሩት ከማስታረቁ ይቀላል።

አራተኛው ደፍ ዕድር ነው። ዕድራችን ለሐዘንም ለችግርም የተሠራ መልካም ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን አዲስ ገቢ ሰው ነባሩ ለዓመታት ያዋጣውን የሚያስተካክል መግቢያ በአንድ ጊዜ እንዲከፍል ይጠየቃል። ለተሰናባች ቤተ ሰብ ይህ ከባድ ነው። መግቢያውን ፈጽሞ ተዉለት አልልም፤ ነባሩም አባል ላቡን አፍስሶ ያዋጣው ነውና። በዓመት ወይም በሁለት ዓመት ከፋፍሎ እንዲከፍል ቢፈቀድለትና ከገባበት ቀን ጀምሮ እንደ አባል ቢቈጠር ግን የሚጐዳ የለም። ዕድር የገባ ቤት ቀባሪ አለው፤ ቀባሪ ያለው ቤትም ጎረቤት አለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ሲባል የሰማነው ለዚህ ነው።

አምስተኛው ደፍ በዓይን አይታይም። በሌሊት እየጮኸ የሚነሣ፣ በር ሲወረወር የሚደነግጥ፣ ከሰው ተለይቶ ዝም የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። እንዲህ ያለውን ሰው እብድ ወይም ፈሪ እያሉ መስደብ ነውር ነው። ያየውን ያላየን ሰዎች ልንፈርድበት አይገባም። ወደ ጸበል የሚሄደው ይሂድ፤ የሃይማኖት አባቱን የሚያማክረውም ያማክር፤ ነገር ግን ከዚሁ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሕመሙ እንደ ወባና እንደ ቍስል ሁሉ የሚታከም ሕመም ነው። ቤቱ ውስጥ ዱላ ተነሥቶ ከሆነም የሚስትና የልጆች ደኅንነት እንዲቀድም ቀበሌውና ፖሊስ ይወቁት፤ የጦር ጉዳት ዱላን አያጸድቅም።

ስለ ሴቶች ወታደሮችም ጥቂት ልናገር። በኤርትራ የነጻነት ጦር ውስጥ ከተዋጊዎቹ ሲሶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ፤ በትግራይም ብዙ ሴቶች ታጥቀው ተዋግተዋል። ጦርነቱ ሲያልቅ ወንዱን በእልልታ የተቀበለ መንደር ሴቲቱን ግን በጎሪጥ ያየበት ጊዜ ነበር። ሠራዊት መርታ የተመለሰችውን ሴት ጠላ መጥመቅ አትችልም ብሎ መንቀፍ፣ ጋብቻዋንም ማፍረስ፣ የማይገባ ነገር ነው። እርስዋም እንደ ወንድሟ በስሟ ትመዝገብ፤ በስሟ ብድር ታግኝ፤ በስሟ ዕድር ትግባ።

አሁን በልባችሁ ያለውን ጥያቄ እመልሳለሁ። «የእኛም ልጆች ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል፤ ለምን ለወታደሩ ይቅደም?» ትላላችሁ። ከእናንተም መካከል በጦርነት ልጁን ያጣ፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ታጣቂ ሲያይ ልቡ የሚቈስል አለ። ይህ ጥያቄ የክፋት ጥያቄ አይደለም፤ ፍትሓዊ ጥያቄ ነው። መልሴም ይህ ነው፤ ለተሰናባቹ የሚደረገው ርዳታ ከጎረቤቱ ነጥሎ የሚያበላው ከሆነ ቅናትን ይወልዳል። ስለዚህ የብድር ማኅበር ሲቋቋም ተሰናባቹና የሰፈሩ ሥራ ፈት ወጣት በአንድነት ይግቡበት፤ እርስ በርሳቸውም ዋስ ይሁኑ። የሙያ ትምህርት ሲከፈት በጦርነቱ የተጐዳው ሰው ልጅም ወንበር ይኑረው። በደል የፈጸመ ቢኖር ፍርድ ቤት አለ፤ የስንብት ወረቀት ከፍርድ አያድንም። ነገር ግን ያልበደለውን በበደለው ምክንያት፣ ልጁንም በአባቱ ምክንያት ብንገፋ፣ ነገ መሣሪያ ለሚያቀብለው ሰው በገዛ እጃችን አሳልፈን እንሰጠዋለን። ቦታ ያጣ ወታደር የሚያውቀው አንድ ሙያ ብቻ እንዳይሆን መጠንቀቅ የራሳችን ጥቅም ነው።

በመጨረሻም ከቃል ወደ ሥራ የሚያሻግር አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየቀበሌው አንድ መዝገብ ይከፈት፤ በመዝገቡም ላይ ተሰናባቹ ብቻ ሳይሆን ሚስት፣ ልጆችና ጧሪ የሌላቸው ወላጆች በየስማቸው ይስፈሩ። የሟች ወታደር ቤትም እንደዚሁ ይመዝገብ። የቀበሌው ጸሐፊ፣ አንድ የዕድር ዳኛ፣ አንድ መምህርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በወር አንድ ቀን ይሰብሰቡና እያንዳንዱን ቤት እያነሡ አራት ነገር ይጠይቁ፤ መታወቂያ ወጣ ወይ? ልጆቹ ትምህርት ቤት ገቡ ወይ? በቤቱ ሥራ ያገኘ አለ ወይ? ዕድር ገቡ ወይ? አራቱም «አዎ» የሆኑለት ቤት ከመዝገቡ ይሰረዝ፤ ከእንግዲህ ወዲያ የተሰናባች ቤት ሳይሆን የጎረቤት ቤት ነውና። ይህ ሥራ አዲስ ሹመት አይጠይቅም፤ የሚፈጀውም ደብተር፣ እስክሪብቶና በወር ግማሽ ቀን ነው።

አገር አገልግሎቱን በፈለገ ጊዜ ወታደሩን ከነስሙ ፈልጎ አግኝቶታል። ሲመልሰውም ቤተ ሰቡን ከነስማቸው ሊቀበል ይገባል። ስለዚህ የቀበሌ ሹማምንት መዝገቡን፣ የዕድር ዳኞችም የመግቢያውን ደንብ ከሚመጣው ወር ስብሰባችሁ በፊት ተነጋግራችሁ እንድትወስኑ በማክበር እየጠየቅሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።